ማንጎው ሲበስል ወይስ ባሮ ሲሞላ?

«ከእናቴ ጋር ለሦስት ቀን ጋምቤላ ልንሄድ ነው። ታሪክም ማንጎም አላት ይሉናል። መቼ ብንሄድ ይሻላል? ምንስ እንይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እህቴ፣ እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ፤ አንዴ በሚያዝያ፣ አንዴ በነሐሴ። ሁለት የተለያዩ ከተሞች ያየሁ ነው የመሰለኝ።

ከሁሉ በፊት ይሄን እወቂ፦ ማንጎውና ወንዙ አብረው አይደርሱም። ማንጎው ሲበስል ባሮ ጎድሎ አሸዋው ይወጣል። ባሮ ሲሞላ ደግሞ የማንጎው ጊዜ አልፏል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው።

ታሪኩ ያለው ወንዙ ላይ ነው። ግንብና ቤተ መንግሥት ፍለጋ ከሄዳችሁ ቅር ይላችኋል። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ሲፈራረሙ አንዱ አንቀጽ ስለ ባሮ ነበር። ኢታንግ አካባቢ፣ ወንዙ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተስማሙ። ጣቢያው በኋላ የቆመው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። ከካርቱም የተነሱ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይ ሽቅብ፣ ከዚያ በሶባት አድርገው እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። የሚመጡት ታዲያ ክረምት ብቻ ነው፤ በበጋ ውሃው መርከብ አይችልም። ከጎሬ ደጋ ቡናው ይወርዳል፣ ጋምቤላ ይከማቻል፣ የወንዙን መሙላት ይጠብቃል። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ድረስ ስለነበር በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ አበቃ።

ይሄን ሁሉ አንብቤ በሚያዝያ ስሄድ ማመን አቃተኝ። ሴቶች ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ልብስ ያጥባሉ። መርከብ እዚህ? ነሐሴ ላይ ተመልሼ ባሮ ቡናማ ሆኖ፣ ሙሉ ግንድ እንደ ጭራሮ እያንከባለለ ሲወርድ ሳይ ነው የገባኝ። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ እዩት። ፎቶ ግን አታንሱ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ጥበቃዎች አስቁመውኝ ብዙ አስረድቼ ነው የተለቀቅኩት።

አሁን ወደ ማንጎው። በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳር ማንጎ ነው። ዛፉ ትልቅ ነው፣ ጥላው ከባድ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሥር ሥሩ ተቀምጦ ይውላል። አንዲት እናት ጭልፋ የምታህል ማንጎ ሰጥተውኝ ቢላ ስጠይቃቸው ሳቁ። ተቀብለውኝ በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ አሹት። ልጣጩ ሳይቀደድ ውስጡ ጭማቂ እስኪሆን። ከዚያ ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ቀዳዳ አወጡለትና «ምጠጥ» አሉኝ። የአገሩ ማንጎ ክር ስላለው ቢቆርጡት ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ ሲመጠጥ ግን ክሩ ፍሬው ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ማንጎ በሌላ መንገድ በልቼ አላውቅም። እናትሽን እንዲህ አብዪያቸው።

ሙቀቱን አልደብቅሽም። በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እማማን ይዘሽ ከሆነ ከጠዋቱ እስከ አራት ሰዓት ተዘዋወሩ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ዋሉ፣ አመሻሽ ላይ እንደገና ውጡ። የወባ አገር ስለሆነ ሐኪም ሳታማክሩ አትነሱ፤ አጎበር የሌለው ክፍልም አትያዙ።

ወንዙ ውስጥ አትግቡ። ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፣ ያስጎመጃል። ግን አዞ አለ። በ1958 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣት እዚሁ ባሮ ውስጥ በአዞ ሞቷል። ዳር ሆኖ ማየቱ ይበቃል።

አውሮፕላን አለ፤ ለሦስት ቀን እሱ ይሻላል። ጊዜ ቢኖራችሁ ግን በመኪና በመቱና በጎሬ በኩል ሂዱ እላለሁ። ጎሬ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠባት ከተማ ናት። ከሷ በኋላ ቡሬን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ጋቢያችሁን አውልቃችሁ፣ ሹራባችሁን አውልቃችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ነው የምትደርሱት። ቡናው የወረደበት አቅጣጫ ይሄ ነው።

የጸጥታውን ነገር ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ከሚኖር ሰው ጠይቁ። መንገዱም ከተማውም አስቸጋሪ የሆኑባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሰው ፎቶ ስታነሱም አስፈቅዱ። አኙዋውም ኑዌሩም እንግዳ አክባሪ ነው፤ ሰላምታ ካስቀደማችሁ ወሬው ራሱ ይመጣል።

እኔን ካልሽኝ ሚያዝያን ምረጡ። የሞላውን ባሮ በሌላ ክረምት ታዩታላችሁ። ለቤት ማንጎ ስትገዙ ጠንከር ያለውን ምረጡ፤ የበሰለው መንገድ ላይ ፈርጦ ሻንጣ ያበላሻል።