የኋላ ማርሹ እሺ አልል ሲል

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሽሮ ሜዳ ነው የምኖረው። ወንድሜ ከጀርመን ያገለገለ ኮርሳ ሳይክል በካርቶን አሽጎ በፕሌን ላከልኝ፣ የማርሽ ዕቃው ሺማኖ 105 የሚባለው ነው፣ ከኋላ ባለ 10 ጥርስ። ገጣጥሜ ስነዳው መሀል ያሉት ማርሾች ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አንዴ ስነካው ሁለት ይዘላል አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይገባም፣ ትልቁ ላይ ሲወጣ ካምቢዮው (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው) ራጂውን፣ የጎማውን ቀጫጭን ዘንጎች፣ ይነካ ነበር። ሰፈር ያለ ሠሪ ጋ ወሰድኩትና ሁለቱን ትንንሽ ብሎኖች አጠበቀልኝ፣ አሁን ራጂ መንካቱ ቀረ ግን ትልቁ ጥርስ ላይ አልወጣም አለ፣ መሀሉም ያው ነው። እንጦጦን በዚህ እንዴት ልውጣ? አዲስ ካምቢዮ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ ብርህን ያዝ፣ ካምቢዮው ምንም ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ስለነዚያ ብሎኖች፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ማርሽ አልገባም በተባለ ቁጥር ካቻቢቴው ቀጥታ የሚሄደው እነሱ ላይ ነው። አጠገባቸው ኤች እና ኤል የሚል ፊደል ታያለህ፣ ኤች በትንሹ ጥርስ በኩል፣ ኤል በትልቁ በኩል ካምቢዮው አልፎ እንዳይሄድ ያቆሙታል፣ ሥራቸው ይኸው ነው። መሀል ያሉት ስምንቱ ላይ ምንም አያገባቸውም፣ ቀኑን ሙሉ ብታዞራቸው ቀጭ ቀጩ አይጠፋም። ሠሪው ኤልን ማጥበቁ ግን ለጊዜው ጠቅሞሃል፣ ካምቢዮ ራጂ ውስጥ ከገባ እራሱንም ጎማውንም ሰባብሮ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ዋናው ችግር ሳይገኝ ኤልን መልሰህ እንዳታላላው።

እኔ የምጠረጥረው ሃንገሩን ነው። ሃንገር ማለት ካምቢዮው የሚታሰርባት፣ ከፍሬሙ ጫፍ ወደ ታች የወረደችው ትንሽ ብረት ናት፣ ብዙ ጊዜ ከለስላሳ አሉሚኒየም ነው የምትሠራው፣ ሳይክሉ ሲወድቅ ፍሬሙ ከሚሰበር እሷ ትጠመም ተብሎ ነው። በካርቶን ሲላክ ካምቢዮው በ5 ቁጥር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ተፈቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ መታሰር ነበረበት፣ ካልተፈታ በቀኝ በኩል ሻንጣ ሲጫንበት ሃንገሯ ወደ ራጂው ትጎብጣለች። ያንተ ምልክቶች እኮ ይሄንኑ ነው የሚሉት፣ ትልቁ ላይ ራጂ መንካት፣ መሀል ላይ አለመርጋት። ባለ 10 ላይ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ያለው ርቀት ወደ 4 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ መጣመም ይበቃዋል።

ከኋላ ጎንበስ ብለህ እየው፣ ካቴናው የሚያልፍባቸው ሁለቱ ትንንሽ መዘውሮች ከጥርሱ ሥር ቀጥ ብለው ካልወረዱና የታችኛው ወደ ራጂ ከገባ ተጣሟል ማለት ነው። በዓይን የማይታይ መጣመምም አለ፣ ለሱ የራሱ መለኪያ አለው፣ ከሌለ ደግሞ ሌላ መላ አለ፦ ካምቢዮውን ፍታና በሃንገሩ ቀዳዳ የሌላ ሳይክል የኋላ ጎማ ፔርኖ (መሀሉን የሚይዘውን ዘንግ) ከነጎማው አስገብተህ አዙረው፣ በእጅ ፍጥነት የሚፈታው ዓይነት የኋላ ፔርኖ ብዙ ጊዜ የብሎን ጥርሱ ከሃንገሩ ጋር አንድ ነው፣ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ 1 ሚሊሜትር። ሲጠብቅ ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ከላይም ከታችም ከፊትም ከኋላም እኩል ካልተራራቁ የታሰረውን ጎማ ይዘህ ቀስ እያልክ ታቀናዋለህ። አሉሚኒየም አንዴ ይታገሳል፣ ወዲያ ወዲህ ካልከው ግን ይሰነጠቃል። ካርቦን ፍሬም ከሆነ ማቃናቱን ተወውና ሃንገሩን ቀይር፣ ለሁሉም ሳይክል የሚሆን ሃንገር የሚባል ነገር ስለሌለ ፈትተህ ፎቶ አንስተህ ለወንድምህ ላክለት።

ሃንገሩ ቀጥ ካለ በኋላ ነው ሽቦው፣ ከመሪው የማርሽ እጀታ ተነስቶ በቱቦ ውስጥ አልፎ ካምቢዮውን የሚጎትተው። ትልቅ ጥርስ ላይ አውጣው፣ ጎማውን አቁመህ ፔዳል ሳታዞር ማርሹን እስከ መጨረሻው ልቀቀው፣ ሽቦው ይላላና ከውጪ የሚያልፍ ከሆነ ቱቦውን ከማረፊያው አውጥተህ ውስጡን ታያለህ። ጎማው አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ ክብ ቱቦ የክረምቱን ጭቃ በሙሉ የምትጠጣው እሷ ናት። ሲቀየር ደግሞ የማርሽ ቱቦ ይሁን፣ የፍሬን ቱቦ ውስጡ ጥምዝ ሽቦ ስለሆነ ሲጎተት ይጨመቃልና ማርሹ ልኩን ያጣል፣ ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱንም አንድ ነው ብለው ይሸጡልሃል። በተቃራኒው የማርሽ ቱቦ ለፍሬን ማድረግ በጭራሽ አይሆንም፣ በጭንቀት ጊዜ ፈንድቶ ፍሬን አልባ ያደርግሃል። ሽቦው በመሪው ቴፕ ሥር የሚያልፍ ከሆነም እጀታው ውስጥ ያለውን ጫፉን እየው፣ እዚያ ኃይለኛ መታጠፊያ ስላለ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፣ ዛሬ ያስተካከልከው ነገ ከተበላሸ ይሄ ነው፣ ተበጥሶ የሽቦው ራስ እጀታው ውስጥ ከቀረ ደግሞ ማውጣቱ መከራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ካምቢዮው ላይ ሽቦው የሚገባባትን በእጅ የምትዞረውን ብሎን የምትነካው። ወደ ትልቅ ጥርስ ለመውጣት ከዘገየ ብሎኗ ወደ ውጪ እንድትወጣ ሩብ ዙር፣ ወደ ትንሽ ለመውረድ ከዘገየ ወደ ውስጥ ሩብ ዙር። በሁለቱም አቅጣጫ ከዘገየ ማዞሩን ተው፣ ሽቦው ይዞታል ወይ ሃንገሩ ገና ነው። ኤልን መጨረሻ ላይ አላላው፣ ትልቁ ጥርስ ላይ ልክ እንደወጣ ቁም።

እንዲያው ካምቢዮው ተሰብሮ ከተገኘ ደግሞ «ባለ 10 ነው» ስለተባለ ብቻ አታስልክ። ስራም (SRAM) የሚባለው ፋብሪካ ካምቢዮ ከሺማኖ እጀታ ጋር አይሠራም፣ ከራሱ ከሺማኖም ቲያግራ 4700 የሚባለው ዓይነት ባለ 10 ሆኖ ሳለ ከድሮዎቹ ባለ 10 ጋር የሽቦ አሳሳቡ አይገጥምም፣ ስለዚህ ካምቢዮው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበህ ንገረው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ካቴናዬ አርጅቶ አዲስ አስገባሁ፣ አሁን ቆሜ ስረግጥ ይዘላል፣ አሮጌው እንኳን እንዲህ አያደርግም ነበር። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ ካቴናውን አትፍረጂበት፣ የኋላ ጥርሱ ነው። አሮጌው ካቴና እየተለጠጠ ጥርሱንም በራሱ ልክ ቦርቡሮታል፣ አዲሱ ደግሞ ያልተለጠጠ ስለሆነ አይቀመጥለትም። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች እነዚያኑ ሁለት ሦስት ጥርሶች ነው ሁልጊዜ የምትነጂባቸው፣ የሚዘለውም እዚያ ብቻ ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ጥርሱ አብሮ ይቀየር። በሁሉም ላይ እኩል የሚዘል ከሆነ ግን ካቴናው የተጋጠመበት ፒን ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ ብለሽ አዙሪና መዘውሩ ጋ ሲደርስ የማይታጠፈውን ፈልጊ፣ በእጅ ወዲያ ወዲህ ብታሺው ይለቃል። ለወደፊቱ ከአንድ ፒን መሀል ተነስተሽ፣ የተነሳሽበትን ሳትቆጥሪ፣ 24ኛው ፒን መሀል ድረስ ለኪ፣ አዲስ ካቴና 30.48 ሴንቲ ነው፣ ባለ 10ና ከዚያ በታች ላይ 30.7 ሲሞላ ከቀየርሽው ጥርሱ ይተርፍልሻል።