ሶፍትዌር ከመግዛታችሁም ከመከራየታችሁም በፊት

ልጆቼ፣ እዚህ ሐዋሳ በሂሳብ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች እስከ መናኸሪያ አካባቢ ጅምላ አከፋፋዮች የብዙ ሰው መዝገብ አገላብጫለሁ። ሰሞኑን የምትጠይቁኝ አንድ ነው፦ የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ገዝተን ቢሮ ውስጥ እናስገባ ወይስ በየወሩ እየከፈልን በኢንተርኔት እንጠቀም?

ሁላችሁም ከዋጋው ትጀምራላችሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው፣ የተበላሸ ቀን ማን ይጠግነዋል የሚለውን ነው።

ገዝቶ ማስገባት አንዴ ከፍሎ መገላገል ይመስላል። አይደለም። መብራት እንዳሻው ስለሚሄድ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያስፈልጋል። ባክአፕ፣ ማለትም የመዝገቡ ቅጂ በየቀኑ መያዝ አለበት፤ የሚቀመጠውም ሌላ ቦታ ነው። ባክአፑ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጎን የሚያድርበት ቢሮ ስንት ነው! ሌባ ቢገባ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ቴክኒሺያኑ ደግሞ ስልክ የማያነሳው ታክስ ማሳወቂያው ሲደርስ ነው። ክራክ የሆነ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚዞር ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የምትጭኑትንማ ተዉት፤ ቫይረሱን ምርቃት አድርጎ ሊያመጣላችሁ ይችላል።

ስለዚህ የአይቲ ሰው መቅጠር ለማይችል ትንሽ ድርጅት ኪራዩን እመርጣለሁ።

ኪራዩም ግን ጣጣ አለው። የብዙዎቹ የውጭ አገልግሎቶች ዋጋ በዶላር ነው። የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በወር 30 ዶላር የሚከፍል ሰው 1,700 ብር የነበረው ከ3,000 በላይ ሆነበት፤ ሶፍትዌሩ ላይ ግን የተጨመረ ነገር የለም። ያውም ዶላሩን የሚከፍልበት መንገድ ካገኘ ነው። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ አቅራቢዎች አሉና መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።

ኢንተርኔቱንም አስቡበት። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ ቢሮው ውስጥ ያስገባ ሰው መመዝገቡን አላቆመም። ሆቴል ወይም ሱቅ ካላችሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሽያጩን መዝግቦ የሚያቆይ ዓይነት ምረጡ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ከመፈረማችሁ በፊት በሙከራው ጊዜ ጥቂት ግብይት አስገቡና መልሳችሁ ወደ ኤክሴል አውጡት። የደንበኛ ስም ዝርዝር ብቻ ከወጣ ተዉት። ጠቅላላ መዝገቡ ከነቀኑ፣ ከነደረሰኝ ቁጥሩ መውጣት አለበት፤ የታክስ ኦዲተር የሚጠይቃችሁ ያለፉትን ዓመታት ነዋ። መክፈል ስታቆሙ ዳታችሁን ለስንት ጊዜ እንደሚያቆዩት በጽሑፍ ይስጧችሁ። የሻጭ «ችግር የለም» ውል አይሆንም።

አካውንቱን በድርጅቱ ኢሜይል ክፈቱ። የይለፍ ቃሉንም ከባለቤቱ ሌላ አንድ ሰው ይወቀው። በሂሳብ ሠራተኛዋ የግል ጂሜይል ተከፍቶ ከሆነ፣ ሥራ ሳትለቅ በፊት ዛሬውኑ አዛውሩት።