ብርጭቆው «ክሪስታል» ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄ፦ ለእንግዳ የምናወጣቸውን ከበድ ያሉ ብርጭቆዎች «ክሪስታል» ነው የምንላቸው። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጄ ግን «ብርጭቆ ክሪስታል አይደለም፤ ክሪስታልስ ጨው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ማናችን ነን ትክክል? «ክሪስታላዊ» የሚለውስ የት ነው የሚገባው?

መልስ፦ ልጅዎ የትምህርት ቤቱን ቃል ይዛለች፣ እርስዎ የገበያውን። ሁለቱም በየቦታቸው ያስኬዳሉ።

በሳይንስ ክሪስታል የሚባለው አቶሞቹ ወይም ሞለኪውሎቹ ሥርዓት ይዘው የተደረደሩበት ጠጣር ነው። አንዱ አደራደር እንደ ማር እንጀራ እየተደጋገመ ይሄዳል፤ ያውም በሁሉም አቅጣጫ። መጥራትና ማብረቅረቅ መስፈርቱ ውስጥ የሉም። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው ደብዛዛ ነው፤ ውስጡ ግን ሶዲየምና ክሎሪን እየተፈራረቁ ተሰልፈዋል። ስለዚህ ክሪስታላዊ ነው። ምስማርም ክሪስታላዊ ነው ብል ያምኑኛል? ብረቱ እርስ በርስ በተጣበቁ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተሞላ ነው።

ብርጭቆ በዋናነት ከአሸዋ ይሠራል። አሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ክሪስታል ነው። ሲቀልጥ ግን ሰልፉ ይፈርሳል። ሲቀዘቅዝም አቶሞቹ ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ፣ እንደተዘበራረቁ ይደርቃል። ጥቁሩ ባልጩትም እንዲሁ ነው፤ እሳተ ገሞራ የሠራው ብርጭቆ ይበሉት።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎች እጅግ የጠራ ብርጭቆ አወጡ። ከተፈጥሮ ኳርትዝ ጋር አመሳስለው «ክሪስታሎ» አሉት። ኋላ እርሳስ የተባለው ብረት የተጨመረበት፣ ከበድ ብሎ የሚያንጸባርቀው ዓይነት ስሙን ወረሰ። በአውሮፓ ሕግ እንኳ «የእርሳስ ክሪስታል» ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሕግ የተቀበለውን ስም እኔ ከቁም ሳጥንዎ አላወርደውም።

«ክሪስታላዊ»ን ግን ለውስጣዊ አደራደር ብቻ ቢተዉት ይሻላል። «ክሪስታላዊ ጠጣር» ያስኬዳል። «ክሪስታላዊ ውሃ» ብሎ ንጹሕ ውሃ ማለት ግን አያስኬድም፤ ፈሳሽ ውሃ ያን ዓይነት ሰልፍ የለውም፣ ያለው በረዶው ነው። ለውሃ «ኩልል ያለ» የሚል ውብ ቃል አለን። «ነገሩ ክሪስታል ክሊር ነው» የሚሉም በዝተዋል። «ግልጽ ነው» ምን አነሰው?

«ብርሌ» እንበለው የሚሉ አንባቢዎችም አሉ። መሠረት አላቸው፤ በአማርኛው የዮሐንስ ራእይ የሕይወት ውኃ ወንዝ የሚያንጸባርቀው «እንደ ብርሌ» ነው፣ በግሪኩም በዚያው ቦታ ያለው ቃል «ክሪስታሎስ» ነው። ዛሬ ግን ብርሌ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ጠጅ ነው። ተማሪ «የጨው ብርሌ» ብሎ ቢጽፍ መምህሩ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ለሳይንሱ «ክሪስታል»፣ ሲበዛ «ክሪስታሎች» ይበሉ።