ከሽቦው ስር ያለው አበባ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ በምሕንድስናና በአካባቢ ጥበቃ ሙያ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው። እኔ 28 ዓመት የሠራሁት በኢሊኖይ ሜዳ ላይ ነው፤ ከከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር ስር የሚበቅለውን እያስቆረጥኩ።

አንድ ዓመት፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር በትራክተር አሳጨድኩ። አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ከታጨደው ውስጥ አንድ ቅጠል አንሥታ ገልብጣ አሳየችኝ፤ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር መስመር ያለው አባጨጓሬ ተጣብቆበታል። የሞናርክ ቢራቢሮ ልጅ ነው። የሚበላው ሚልክዊድ የተባለውን፣ ሲቀነጠስ እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት የሚያፈሰውን ተክል ብቻ ነው። ይህ ተክል ፀረ አረም መድኃኒት ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ማሳ ስላጠፋው፣ መጠጊያው የመንገድ ዳርና የሽቦ ስር ሆኗል። እዚያ ረጅም ዛፍ አይፈቀድም፤ ስለዚህ አበባው ፀሐይ ያገኛል። የእኛ መሬት ሳናውቀው የእነርሱ ቤት ነበር። ያን ቀን ያደረግኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አበባውን እንተውለት ብዬ ስጠይቅ አለቆቼ ፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞናርክ በሕግ እንዲጠበቅ አቤቱታ ቀርቦ ነበርና፣ «ነገ ሕጉ ከወጣ፣ አበባ ያቆየንበት ቦታ ሁሉ ሥራ ማቆሚያ ይሆንብናል» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ሕጉ ራሱ ሳያስበው ቸር የሚሆነውን ሰው የሚያስፈራ ነበር።

ይህን ፍርሃት የፈታው በ2020 የተፈረመው የፈቃደኝነት ስምምነት ነው። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ከቺካጎው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር አዘጋጀው፤ ዩኒቨርሲቲው ያስተዳድረዋል። የኃይልና የመንገድ ድርጅቶች መሬታቸውን ያስመዘግባሉ፣ በከፊሉ ላይ አጨዳን ያዘገያሉ፣ መድኃኒት በተመረጠ ቦታ ብቻ ይረጫሉ፣ የአገር በቀል አበባ ዘር ይዘራሉ፣ በየዓመቱም ውጤቱን ይለካሉ። በምላሹ ቢራቢሮው ወደ ሕግ ጥበቃ ቢገባ ከገቡት ቃል በላይ አይጠየቁም። ስምምነቱ እስከ 26 ሚሊዮን ኤከር ሊሸፍን እንደሚችል ታስቦ ነው የጸደቀው። በታኅሣሥ 2024 መንግሥት ሞናርክን ለአደጋ የተጋለጠ ብሎ ለመመዝገብ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ቀድመው የፈረሙት ዝግጁ ነበሩ።

የመሬቱ ከፊል ብቻ መሆኑ ቅር ያሰኘኛል፤ አልደብቃችሁም። በሜክሲኮ ተራሮች የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት ሞናርኮች እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ 18 ሄክታር ያህል ደን ይሸፍኑ ነበር፤ በ2013 መጨረሻ ግን 0.67 ሄክታር ብቻ። ይህ ቁጥር ትዕግሥት አይሰጥም። ስለዚህ እናንተ በድርጅታችሁ ውስጥ ስትገቡ ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት፤ የተገባው ቃል ዝቅተኛው ወለል እንጂ ጣሪያው አይደለም። ቆጠራውን ለሌላ አትተዉት፤ ራሳችሁ ተንበርክካችሁ ቅጠል ገልብጡ፤ እንቁላሉ ከመርፌ ጭንቅላት አይበልጥም። ከሁሉም በላይ ከትራክተር ነጂው ጋር ተነጋገሩ። ፊርማው በቢሮ ይቀመጣል፤ ማጨጃውን የሚያወርደው ግን እርሱ ነው።

በአገራችን አደይ በሚፈነዳበት መስከረም፣ ሞናርክ ወደ ደቡብ ይነሣል፤ በመንገዱ የሚቀስመው ቢጫና ሐምራዊ አበባ የአደይ ዘመድ ነው። ጡረታ ልወጣ በተቃረብኩበት መስከረም አንድ ነጂ ማጨጃውን አቁሞ ደወለልኝ። «አበባው ላይ ብዙ ናቸው፤ እንጠብቅ?» አለኝ። ሦስት ሳምንት ጠበቅን።