ፅንሶቻችን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ለምን ቆሙ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ዕድሜዬ 31 ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ 39። ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆነን፤ ልጅ አልመጣልንም። በቅርቡ አይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ላቦራቶሪ ውስጥ የሚዳቀሉበትን ሕክምና) ሞከርን። ሰባት እንቁላል ተዳቅሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተደውሎልን «ፅንሶቹ ቆንጆ ናቸው» ተባልን። በአምስተኛው ቀን ግን አንዱም አልደረሰም፤ ወደ ማህፀን የሚገባ የለም ተባለ። የባለቤቴ የዘር ምርመራ ኖርማል ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 48 ሚሊዮን። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ «ችግሩ ያንቺ እንቁላል ነው» ይለኛል። ሐኪሙ ግን «ከወንዱ ዘር ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ሊሆን ይችላል» ብሎን አለፈ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሲጋራ ያጨሳል፣ መንገድ ላይ ጫት ይቅማል። አሁን ሦስት ዓይነት ቫይታሚን ገዝቶ እየወሰደ ነው። ይጠቅመዋል? ጥፋቱስ የኔ ነው?
ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ጥፋት የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም። እንቁላልሽን የሚከስ ሰው ደግሞ ከጻፍሽልኝ ውስጥ አንድም ማስረጃ አያገኝም።

እኔ የፅንስ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምትነግሪኝን ነገር ማይክሮስኮፕ ላይ አይቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፅንሱን ከኢንኩቤተር (ሙቀቱና አየሩ ተመጥኖ ፅንስ ከሚያድግበት ሣጥን) አውጥተን ስናየው ስምንት ሴል ሆኗል። ሴሎቹ እኩል ናቸው፣ ጥርት ያሉ። ለወላጆቹ የምንደውለው ደስ ብሎን ነው። በአምስተኛው ቀን ውስጡ ፈሳሽ ቋጥሮ መስፋት ሲገባው እዚያው ስምንት ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። ሴሎቹ ጠቆር ብለዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ትናንሽ ቁርጥራጭ ተበታትነዋል።

በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ምን ይሆናል? ፅንሱ መጀመሪያ ላይ የሚያድገው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት ነገር ነው። የራሱ ጂኖች በደንብ ሥራ የሚጀምሩት ከአራት እስከ ስምንት ሴል ሲደርስ ነው፤ የአባቱም ድርሻ ያን ጊዜ ይፈለጋል። ከአባት የመጣው ዲኤንኤ (ጂኖቹን የያዘው ንጥረ ነገር) ተጎድቶ ከሆነ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ያየነው ውበት ባብዛኛው የእንቁላልሽ ሥራ ነው። ይህን ለቤተሰቡ ንገሪልኝ።

ዲኤንኤው እንዴት ይጎዳል? ሰውነታችን ከኦክሲጅን የሚያመነጫቸው ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቁጡ ኬሚካሎች አሉ። ትንሽ ሲሆኑ ያስፈልጋሉ፤ የወንዴ ዘር ያለ እነሱ እንቁላሉን ለመውጋት አይዘጋጅም። ሲበዙ ግን ሰውነት መከላከል ያቅተዋል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ይኸው ነው። የወንዴ ዘር ደግሞ ቀሎ ለመሮጥ ስንቁን ጥሎ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው። ሲበስል የሴሉን ፈሳሽ አካል አብዛኛውን ያራግፋል፤ መከላከያ ኢንዛይሞቹም አብረው ይሄዳሉ። ሽፋኑ ቶሎ በሚበላሽ የቅባት ዓይነት የተሞላ ነው። ዲኤንኤው ሲቆረጥም ራሱን የመጠገን አቅሙ እጅግ ትንሽ ነው። ጥገናውን የሚሠራው እንቁላሉ ነው፣ ከተዳቀለ በኋላ። ጉዳቱ ከበዛ ግን ወጣት እንቁላልም አይችለውም።

ተራው የዘር ምርመራ ይህን አያይም። የሚያየው ብዛትን፣ እንቅስቃሴንና ቅርፅን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው የብዛት መለኪያ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ባለቤትሽ 48 አለው፤ ስለዚህ «ኖርማል» ተባለ። ውስጡ የተሸከመው ዲኤንኤ ደህና ይሁን አይሁን ቁጥሩ አይነግረንም።

እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ልንገርሽ። ጤነኛ ጥንዶችም ቢሆኑ ከተዳቀለው እንቁላል ግማሽ ያህሉ አምስተኛው ቀን አይደርስም። የክሮሞዞም (ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ክር) ችግርም ፅንስን ያቆማል፤ እሱ ከእንቁላልም ሊመጣ ይችላል። ግን ከሰባት አንድም ሳይተርፍ ሲቀር፣ እናትየው 31 ዓመቷ ሲሆን፣ አባትየው ሲያጨስ፣ እኔ የወንዱን ወገን ሳልመረምር ሌላ ዙር አልጀምርም።

የባለቤትሽን ሥራ ሳስብ ሙቀቱ ያሳስበኛል። ቆለጥ ከሰውነት ውጪ የሆነው ከሌላው አካል በሁለት እስከ አራት ዲግሪ መቀዝቀዝ ስላለበት ነው። ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ሙቀት ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይህን ያበላሻል። ሲጋራው ፍሪ ራዲካልን በቀጥታ ይጨምራል። ጫትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1995 ከየመን የወጣ ጥናት በሱሰኞች ዘር ላይ ግልጽ ጉዳት አሳይቷል። እንጀራው ነውና መንዳቱን ተው አልለውም። ሲጋራውንና ጫቱን ግን ይተው ዘንድ ከልቤ እለምነዋለሁ። በየዕረፍቱ ወርዶ ይራመድ፣ ጠባብ ሱሪም አይልበስ።

ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት አካላት ሐኪም) ዘንድ ሄዶ በእጅ ይመርመር። ቫሪኮሲል የሚባለው የቆለጥ ደም ሥሮች እብጠት ከ100 ወንዶች 15 ያህሉ ላይ አለ፤ መውለድ ካቃታቸው መካከል ደግሞ ከ35 እስከ 40 በመቶው ላይ ይገኛል። ደም ሥሩ በቀዶ ሕክምና ሲታሰር የዲኤንኤ ጉዳቱ የሚቀንስላቸው ብዙ ናቸው። የተደበቀ ኢንፌክሽንም ይፈለግ። ዘሩ ውስጥ ክብ ክብ ሴሎች ሲበዙ ቀለም እንጨምርባቸዋለን፤ ቡናማ የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ፍሪ ራዲካልን በብዛት ከሚያመነጩት ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። የዲኤንኤ ፍራግመንቴሽን (ዲኤንኤው ምን ያህል እንደተቆራረጠ የሚያሳይ) ምርመራም ጠይቁ፤ በሁሉም ላቦራቶሪ አይሠራም።

ቫይታሚኑን በተመለከተ ገንዘባችሁ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከ2,300 በላይ ጥንዶች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል። ግማሾቹ ወንዶች ፎሊክ አሲድና ዚንክ፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ወሰዱ። የተወለደው ልጅ ቁጥር ላይ ልዩነት አልመጣም፤ እንዲያውም ቫይታሚኑን በወሰዱት ላይ የዲኤንኤው ጉዳት በትንሹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሦስት ዓይነት መደራረቡን ያቁም። ሐኪሙ ለይቶ ካዘዘለት አንዱን ይውሰድ።

አትቸኩሉ። አንድ የወንዴ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ዛሬ ሲጋራ ያቆመ ሰው ጥቅሙን የሚያየው ከሦስት ወር በኋላ በሚሰጠው ናሙና ላይ ነው። ቀጣዩን ዙር ከዚያ በኋላ አድርጉት።

ክሊኒኩንም ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ፅንሱ የሚያድርበት ኢንኩቤተር ኦክሲጅኑ ስንት ነው? አየር ላይ 20 በመቶ ያህል ነው፤ ለፅንስ የሚሻለው 5 በመቶ ነው። ዘሩን ሲያዘጋጁ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ በሚለይ መሣሪያ) ብዙ ያሽከረክሩታል ወይ? እሱም ራሱ ፍሪ ራዲካል ያመጣል። ባለቤትሽም ናሙና ከመስጠቱ በፊት «ይጠራቀም» ብሎ ሳምንት ሙሉ አይቆይ። የዲኤንኤ ጉዳት ላለበት ሰው አንድ ወይም ሁለት ቀን መቆየት ብዙ ጊዜ የተሻለ ናሙና ይሰጣል፤ ቀኑን ከሐኪማችሁ ጋር ቁረጡ። የፍራግመንቴሽኑ ውጤት ሲመጣ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።