የጋዜጣው ርዕስ የሰውየውን ሃይማኖት ለምን አነሳ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የምኖር የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የወንጌል አማኝ ነኝ። እዚህ የምናነበው አንድ ጋዜጣ ጥምቀት ሲደርስ ገጹን በሙሉ ይሞላዋል፣ የኛን ኮንፈረንስ ግን አንድ መስመር አይጽፍለትም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው በማጭበርበር ተጠርጥሮ ሲያዝ «የጴንጤው አገልጋይ ተያዘ» ብሎ በትልቁ አወጣው። ጎረቤት ቡና ላይ ነበርን። ጋዜጣው ረከቦቱ አጠገብ ተዘርግቶ ሁሉም አነበበው፣ ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ይሄ አድልዎ ነው ወይስ እኔ ነኝ ሆደ ባሻ የሆንኩት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሆደ ባሻ አይደለሽም። ጥምቀቱ ላይ ግን አልስማማም። ያን ቀን ባጃጁም ሆቴሉም የሚንቀሳቀሰው ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ነው፣ በዓሉንም ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ በሰፊው ቢጻፍ አይገርመኝም። ኮንፈረንሳችሁ አንድ አንቀጽ ማግኘት ነበረበት፣ እሱ ልክ ነሽ።

ርዕሱ ግን አናዶኛል። ኦርቶዶክስ የሆነ ነጋዴ ሲያጭበረብር «ኦርቶዶክሱ ነጋዴ ተያዘ» ሲባል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። እሱ «አንድ ግለሰብ» ነው የሚባለው። በ1999ኙ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ በአገር ደረጃ ከመቶ 18.6 ነበር፣ በአማራ ክልል ግን 0.2 ገደማ። ስለዚህ እዚህ ብዙ አንባቢ የናንተ እምነት ጎረቤት የለውም፤ የሚያውቃችሁ በዚያው ርዕስ ብቻ ነው። ለብዙኃኑ አንድ ሌባ አንድ ሌባ ነው፣ ለጥቂቶቹ ግን ሁሉም በሱ ይለካል። «ጴንጤ» የሚለውንም እናንተው በጨዋታ ትሉት ይሆናል፣ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ይቆረቁራል። ጎንደር ይሄን ልታውቀው ይገባ ነበር፤ የወለቃዎቹን ቤተ እስራኤሎች ስንት ዘመን «ፈላሻ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። እኔም ልጅ ሆኜ ብዬዋለሁ፣ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ለአዘጋጁ ጻፊ፣ አጭር አድርጊው። ያንን ርዕስና ከዚያው ጋዜጣ ሌላ የማጭበርበር ዜና ቆርጠሽ አያይዢና፣ የሰውየው እምነት ከተጠረጠረበት ነገር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቂ። ለሙስሊሞችም እንደዚያው የሚያደርጉ ከሆነ እሱንም ጨምሪበት። ዝም ካሉሽ ቁራጮቹን ለኔ ላኪልኝ፣ እዚሁ ዓምድ ላይ ጎን ለጎን አወጣቸዋለሁ።