ሞተሩን ከመሸጥዎ በፊት፦ ጉልበትና አውራ ጣት ለሚያመው ሰው

ጋሼ፣ የጻፉትን ላሳጥረው፦ ዕድሜ 61፣ ሞተር ቦክሰር 150፣ ሀዋሳ ውስጥ ከጥቁር ውኃ ፒያሳ በየቀኑ ደርሶ መልስ። ቀኝ ጉልበት ያማል፣ የግራ እጅ አውራ ጣትም ሥሩ ላይ ያማል። ልጆች "ይሸጥ" ብለዋል፣ እርስዎ ደግሞ ባጃጅ መጠበቅ አልፈለጉም። ጥያቄዎ "ምን ላስተካክል?" ነው።

አይሽጡት። እንዳለ ግን አይንዱት። ከእኔ በፊት የመለሱት "ወንበሩን አስቆርጠው፣ ዝቅ ይበል" ብለዋል። የሚያመው ዳሌ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ፤ ለጉልበት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወንበር ዝቅ ሲል የእግር ማሳረፊያው አብሮ አይወርድም። ስለዚህ ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል፣ በታጠፈ ቁጥር ደግሞ የጉልበት ሎሚው ከሥሩ ያለውን አጥንት ይጫነዋል። ማታ ደረጃ ሲወርዱ ዋጋውን የሚያስከፍልዎ ይሄ ነው። እና መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው መገጣጠሚያ፣ በየትኛው እንቅስቃሴ ያማል የሚለው ነው።

በአውራ ጣቱ እንጀምር፣ ርካሹ እሱ ነው። ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ ብዙ ማርሽ አታስቀይርም ነበር፤ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠውን) የሚያስጨብጠን ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ቀጥ የሚለው ባጃጅ ነው። ታዲያ ፍሪሲዮኑ ከከበደ አውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ቀኑን ሙሉ ይጨመቃል። የከበደ ፍሪሲዮን ደግሞ ብዙ ጊዜ የደረቀ ገመድ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ገመዱን ከላይም ከሞተሩ በኩልም አላልተው ከሌቫው (በጣት ከሚጨበጠው ብረት) ያውጡት። መጀመሪያ ሌቫውን ብቻውን ያንቀሳቅሱት። ያለ ምንም ተቃውሞ መመላለስ አለበት። ካንገራገረ የሚዞርበትን ቡሎን ይፍቱ፣ በላምባ ይጠቡ፣ ግራሶ ቀብተው ይመልሱ። ቀጥሎ ገመዱ። የላስቲክ ከረጢት ጫፍ ቆርጠው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ በሽፋኑ ጫፍ ላይ አጥብቀው ይሰሩት፣ ውስጡ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያድርጉና አንጠልጥለውት ይደሩ። ጠዋት ከታች በኩል ዘይት ተንጠባጥቦ ካገኙ አልፏል ማለት ነው። የሞተር ዘይት አይጠቀሙ፤ ወፍራም ስለሆነ አቧራ ይሰበስባል፣ ከወር በኋላ ከበፊቱ ይብሳል። ሌቫው ውስጥ የሚገባውን የገመዱን ፍሬ አጠገብ በጥፍርዎ ይዳስሱ። አንድ ቀጭን ሽቦ እንኳ ተበጥሶ ከወጋዎት ዘይት አያድነውም። የተበጠሰው ሽቦ ሽፋኑን ከውስጥ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፣ የሚከብደውም ለዚያ ነው፤ ይቀየር። ሲመልሱት ከፊት መብራቱ ኋላ በሹል እንዳይታጠፍ፣ ከሌላ ሽቦ ጋርም ተጠፍሮ እንዳይታሰር። ሌቫው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ባዶ መንቀሳቀሻ ይተዉለት። ከዚያ ካነሰ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ በጣም ከበዛ ደግሞ ማርሽ እየጮኸ ይገባል።

አንዳንድ ጋራዥ "ላቅልልልዎ" ብሎ የፍሪሲዮን ሞላ ይቀንሳል፣ ወይም ሞተሩ ላይ ያለችውን የፍሪሲዮን ክንድ በብየዳ ያስረዝማል። ሁለቱንም እምቢ ይበሉ። ሞላው ሲቀነስ ሰው አፈናጠው ዳገት ሲወጡ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል። ክንዱ ሲረዝም ለእጅ ይቀላል፣ ግን የሚስበው ርቀት ያጥራል፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ቆመው ሳሉ ሞተሩ ወደፊት ይገፋል።

ከገመዱ ቀጥሎ የሌቫው አቀማመጥ። ወንበሩ ላይ እንደወትሮው ይቀመጡና ጣቶችዎን ዘርጉ። ክንድ፣ የእጅ አንጓና ጣት አንድ መስመር ላይ ሆነው ሌቫው ጣቱ ሥር መገኘት አለበት። ብዙ ሞተር ላይ ሌቫው ወደ ላይ ቀና ብሎ ስለታሰረ አንጓው ተሰብሮ ነው የሚጨበጠው። የማሰሪያውን ቡሎን በትንሹ ያላሉና ወደ ታች ያዙሩት። በዚያው ሌቫውን ከነማሰሪያው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ወደ መሪው መሐል ያስጠጉት። ጣትዎ ሌቫው ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ከጫፍ ሲሳብ ደግሞ ያው ሞላ ቀለል ይላል። ቡሎኑን እስከ መጨረሻ አያጥብቁት፤ ሞተሩ ቢወድቅ ሌቫው ቢዞር ይሻላል ከሚሰበር።

የመሪው እጀታ ቀጭን ከሆነ ማወፈርም ይረዳል። የብስክሌት ካላማዳሪያ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) እንደ እጀታው ርዝመት ይቁረጡ፣ በሳሙና ውኃ አንሸራተው ያልብሱት፣ ሳይደርቅ አይንዱ። ይህ ለግራው ብቻ ነው። በቀኝ፣ ነዳጅ መስጫው ላይ፣ ምንም አያልብሱ፤ ከጠርዙ ጋር ከተፋተገ ሲለቁት ራሱ አይመለስም። መብራት ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን ጨብጠው አይጠብቁ፣ ፎሌ (ማርሹን ነፃ) ያስገቡ። ከአውራ ጣት እስከ መሐል ጣት ሌሊት እየደነዘዘ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ግን ነገሩ ከመገጣጠሚያ ይልቅ አንጓ ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ወደ ጉልበቱ። ቀኝ እግር ሞተር ላይ ሁለት ሥራ አለው፦ መምታት (በእግር ረግጦ ማስነሳት) እና የኋላ ፍሬን መርገጥ። ቀኝ ጉልበቴን አመመኝ ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ "ጠዋት ስንቴ ትመታለህ?" የሚለው ነው። በቁልፍ ማስነሻ ያለው ሞተር ገዝቶ ሞተሪኖው (በቁልፍ የሚያስነሳው) ከሞተ ዓመት የሞላው ስንቱ ነው! የእርስዎም እንዲያ ከሆነ ማንኛውም ሌላ ወጪ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ባትሪው ካደረ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ትንሽ ከፍ ሲል ከ13.5 እስከ 14.8 ማሳየት አለበት። 13 ካልሞላ ችግሩ ቻርጅ አድራጊው ጋ ነው፣ አዲስ ባትሪ ቢገዙም በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ቮልቱ ጥሩ ሆኖ ሞተሪኖው "ጠቅ" ብቻ ካለ የባትሪውን ጫፎችና ወደ ሻሲው የሚሄደውን ገመድ አስፈትተው ያስፈግፍጉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሞተሪኖ ካርቦን የሚታየው። መምታት ግድ ከሆነ ሞተሩን በካቫሌቶ (በመሐሉ ማቆሚያ) ያቁሙ፣ ቁልፉ ሳይከፈት ሁለቴ በቀስታ ይግፉት፣ ከዚያ ከፍተው በሰውነት ክብደት ይጫኑት። ጉልበት ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ እንዳይቆለፍ፤ ትንሽ እንደታጠፈ ይውረድ። በሦስት ምት ካልተነሳ ችግሩ ካንዴላ፣ ቫልቭ ወይም ካርቦሬተር ነው። ያን ማስተካከል የመካኒክ ሥራ ነው፣ በጉልበትዎ አይካሱት።

ቀጥሎ የጉልበቱ መታጠፍ። ሞተሩ ላይ ተቀምጠው እግር ማሳረፊያው ላይ እንዳለ ከጎን ፎቶ ያስነሱ። ጭንና ባት የሚሠሩት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ያነሰ ከሆነ ጠቧል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወንበሩን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ማስነሳት ነው፣ በጠንካራ ስፖንጅ። የፍራሽ ስፖንጅ በወሩ ይተኛል። ለመቆም እንዳይቸገሩ የወንበሩን የፊት ጠርዝ ግራና ቀኝ ያስጠብቡት፤ ጭን ብዙ ካልተከፈተ ወንበሩ ከፍ ቢልም እግር መሬት ይደርሳል። ሌላው ማሳረፊያውን ማውረድ ነው። በብዙ እንዲህ ዓይነት ሞተሮች ላይ ማሳረፊያው ሞተሩ ሥር በቡሎን የታሰረ ብረት ስለሆነ፣ መሐሉ 2 ሳንቲሜትር ብረት ገብቶ በረጅም ቡሎን ይታሰራል። ሻሲው ላይ ብየዳ አያስነኩ። ማሳረፊያው ከወረደ የማርሽና የፍሬን ፔዳሉ አብረው መውረድ አለባቸው፣ አለዚያ ቁርጭምጭሚትዎ ተሰቅሎ ይውላል። የማርሹን ፔዳል ከጥርሱ አውጥተው አንድ ጥርስ ብቻ ያውርዱ። ፍሬኑን ካወረዱ በኋላ ፔዳሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ባዶ መንቀሳቀሻ ይተዉ፣ በካቫሌቶ አቁመው የኋላ ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ። ሸራው ታምቡሩን እየነካ ከሆነ ጎማው ቶሎ ይቆማል። የፍሬን መብራቱም እንደገና መስተካከሉን አይርሱ። ማሳረፊያው ሲወርድ ከፍ ያለ የፍጥነት ማብረጃ ላይ ሊነካ ስለሚችል ከ3 ሳንቲሜትር አይለፉ።

ሲቆሙ ግራ እግር ይውረድ፣ ቀኙ ፍሬን ላይ ይቆይ። በቀኝ ስለምንነዳ አስፋልቱ ወደ ቀኝ ጠርዙ ያዘነብላል፤ በግራ ያለው መሬት ለእግር ይቀርባል። ለመውጣት ደግሞ ሞተሩን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አጠገብ፣ ጠርዙ በሞተሩ ግራ እንዲሆን፣ አቁመው ከጠርዙ ላይ ይውጡ። ያቺ ጥቂት ሳንቲሜትር ቀኝ እግርን ያለ ችግር ታሳልፋለች።

አሁን ጎማ። እዚህ ከተማ ውስጥ መገጣጠሚያ ከሚያሳምሙት ነገሮች ኮብልስቶንና ጎሚስታ አንድ ላይ ይቆጠራሉ። አየር ሙላልኝ ሲሉት ሳይጠይቅ 40 ፒ.ኤስ.አይ ይሞላል፤ "እንዳይፈነዳ" ነው ነገሩ። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ብቻዎን ሲነዱ የፊቱ 25፣ የኋላው 28፣ ሰው ሲያፈናጥጡ የኋላው 32 ይበቃል። ከዚያ በላይ የገባው አየር በኮብልስቶን ላይ እያንዳንዷን ድንጋይ ወደ እጅዎ ያደርሳታል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ። የኋላ አሞርዛተሩንም (ንዝረት የሚቀበለውን ሞላ) ይዩት፦ ሥሩ ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። የቀድሞው ባለቤት ጭነት ይጭንበት ከነበረ መጨረሻው ላይ ተጠብቆ ቀርቷል። ብቻዎን ለሚነዱት ወደ አንደኛው ወይም ሁለተኛው ደረጃ ይመልሱት፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። የፊቱ ዘንግ ላይ ዘይት ካዩ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) አልቋል፤ ዘይት የሌለው የፊት አሞርዛተር የእጅ አንጓን ይጨርሳል። መንገድ ለማሳጠር ብለውም ኮብልስቶን ውስጥ አይግቡ፣ በአስፋልት ይዙሩ።

ይርጋለም ወይም ዲላ የሚሄዱ ከሆነ በየ45 ደቂቃው ወርደው አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ጉልበትን ንፋስ አያበላሸውም፣ ግን ሲበርደው ይገትረዋል፤ በማለዳ ከሱሪ በላይ የጉልበት መከላከያ ይልበሱ።

ስለ መድኃኒት አጭር ልበል። ዲክሎፌናክን በራስዎ ትእዛዝ በየቀኑ አይውሰዱ፣ በተለይ ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ችግር ካለብዎ። የሚቀባው ዓይነት ለጉልበትና ለእጅ የተሻለ መነሻ ነው። ትራማዶል ከወሰዱ በዚያ ቀን ቁልፉን አይንኩ፤ ያደነዝዛል። ከመድኃኒቱ ይልቅ የጭን ጡንቻ ነው ጉልበቱን የሚይዘው፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እግርን ቀጥ አድርገው ዘርጉ፣ አምስት ሰከንድ ያቆዩ፣ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሁለቱም እግር። ጉልበቱ ድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለው ግን በዚያው ዕለት ሐኪም ጋ።

መቼ ላቁም ላሉት፣ ዕድሜ መለኪያ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሜዳ ላይ ይቀመጡበት። የፊት ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ጨብጠው አሥር ሰከንድ ያቆዩ። የኋላውን አጥብቀው ይርገጡ። መሪው ሳይነቃነቅ በሁለቱም ትከሻዎ በኩል ወደ ኋላ ይዩ። ሞተሩን ከማቆሚያው አንስተው ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብለው ይመልሱት። አንዱን ካልቻሉ ያን ቀን አይነዳም። ጉልበቱ ሳያስቡት የሚከዳዎ ከሆነ ደግሞ እስኪታይ ድረስ ጭራሽ አይነዳም።

"ባጃጅ ልግዛ ይሆን?" ብለው ከሥር ጽፈዋል። ለአውራ ጣትዎ ይብሳል፤ ባጃጅ ፍሪሲዮኑም ማርሹም በግራ እጅ ነው፣ ማርሹ እየተጠመዘዘ። አውቶማቲክ ስኩተር ወይም የኤሌክትሪኩ ፍሪሲዮን የለውም፣ አይመታም፣ ቀኝ እግርዎም ያርፋል። ግን ብዙዎቹ ጎማቸው ትንሽ ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ ወገብ ይቀጣሉ። ቤትዎ በር ድረስ አስፋልት ካለ ያስቡበት።

ሁሉንም በአንድ ቀን አያስቀይሩ፤ የትኛው እንደረዳዎ አያውቁም። የጎማውን አየር ነገ ጠዋት፣ ገመዱን በዚህ ሳምንት፣ ወንበሩን ከዚያ በኋላ። ከጎን የተነሱትን ፎቶ እዚህ ቢለጥፉት ደግሞ ወንበር ይነሳ ወይስ ማሳረፊያ ይውረድ የሚለውን እናያለን። የሱሪዎ ጉልበት በግልጽ ይታይ።